ከጠበቃው ጠረጴዛ፦ ሕገ መንግሥቱ ማንን ነው የሚያዘው?

ባለፈው እትም "ስለ ሕገ መንግሥት የሚከነክናችሁን ጻፉልኝ" ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ግማሹ ንጹህ ፖለቲካ ነው። እሱን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። "ይቀደድ" የሚሉ አሉ፣ "እንዳይነካ" የሚሉም አሉ። ከሁለቱም ወገን ግን አንቀጽ ጠቅሶ የጻፈልኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ለማንኛውም ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣም። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ እንዳለው ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ወንጀልን የወንጀል ሕግ ይከለክላል። ውልን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። ታዲያ የዚህኛው ሥራ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከፈተናው ይሻላል።

የሰፈራችሁን የእድር መተዳደሪያ ደንብ አይተህ ታውቃለህ? ካላየህ አባትህን ጠይቀህ አንብበው። ደንቡ አባላቱ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚያለቅሱ አያስተምርም። ዋና ጉዳዩ ከሹሞቹ ጋር ነው። ሰብሳቢው እንዴት ይመረጣል? ስንት ዓመት ይቆያል? ገንዘብ ያዡ ከባንክ ብር ለማውጣት የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልገዋል? አባል ሲሰረዝ ማን ይወስናል፣ አቤት የሚባለውስ ለማን ነው? ሕገ መንግሥትም እንደዚሁ ነው። እኔንና አንተን ከማዘዙ በፊት ሥልጣን የያዘውን ሰው ያዛል። የወንጀል ሕጉ "አትስረቅ" ይልሃል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ "ሰርቀሃል" ብሎ የያዘህን ፖሊስ "እስከዚህ ብቻ" ይለዋል።

አሁን መጽሐፉን ይህን ይዘህ ግለጠው። ምዕራፍ አንድ ስለ አገሪቱ ስም፣ ባንዲራ፣ ቋንቋ ነው፤ ቶሎ ታልፈዋለህ። ምዕራፍ ሁለት አምስት አንቀጽ ብቻ ነው፣ ግን አትዝለለው። አንቀጽ 9 እዚያ ነው ያለው። ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር፣ የመንግሥት አካል ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከዚህ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። "ልማዳዊ አሠራር" የሚለውን አስምርበት። "እኛ ጋ አሠራሩ እንደዚህ ነው" የሚል የወረዳ ሠራተኛ ሲገጥምህ ትዝ ይበልህ። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የተመረጠ ሰው አመኔታ ሲያጣ ሕዝቡ ሊያወርደው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል።

ምዕራፍ ሦስት መብቶች ናቸው። ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ ማለትም ከ106ቱ 32ቱ። አንድ ሦስተኛ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ቢሮ የሚመጣው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጉዳዩ እነዚህ ገጾች ላይ አለ። አራትና አምስት ስለ ክልሎችና ስለ ሥልጣን ክፍፍል ናቸው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠው የክልል ነው ይላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ሁለቱን ምክር ቤቶች፣ ፕሬዚዳንቱን፣ አስፈጻሚውን፣ ፍርድ ቤቶችን ተራ በተራ ያያል። ምዕራፍ አሥር የፖሊሲ ዓላማዎች ናቸው። ደስ የሚሉ ናቸው፤ እነሱን ይዞ ግን ፍርድ ቤት ማሸነፍ ይከብዳል።

የመጨረሻው ምዕራፍ "ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች" ይባላል። ርዕሱን ያየ ሰው የተራረፈ ነገር ማጠራቀሚያ ይመስለዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የሚሻሻልበት መንገድም የተቀመጡት ግን እዚያ ነው። ተማሪዎች ከፈተና በፊት ያለው ሌሊት ላይ ደክሟቸው የሚዘሉት ምዕራፍ ይሄ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፣ አስተማሪህን አስጨንቅበት። አንቀጽ 47ን ብታነብ የክልሎቹ ዝርዝር ዘጠኝ ነው። ዛሬ ያሉት ክልሎች 12 ናቸው። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ዝርዝሩ ዘጠኝ ላይ ቆሞ ክልሎቹ 12 የሆኑት ያው አንቀጽ በንዑስ 2 እና 3 አዲስ ክልል የሚመሠረትበትን መንገድ ስላስቀመጠ ነው። ፈተና ላይ ስንት ብለህ እንደምትመልስ ግን እኔን አትጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲመለስ ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ዓርብ ስንሄድ "መርማሪው የለም" ተባልን። ቅዳሜ ስንሄድ "ቅዳሜና እሁድ ፍርድ ቤት የለም፣ ሰኞ ኑ" አሉን። ፍርድ ቤት የቀረበው ማክሰኞ ነው። አሁን በዋስ ወጥቷል፣ ተመስገን። ግን ትክክል ነበር? ለሌላ ጊዜ (አያምጣውና) ምን ማድረግ ነበረብን? እህቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እንኳን ወጣላችሁ። ትክክል አልነበረም።

አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ከተያዘ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ ማለት ነው። ከዚህ የማይቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው። ይሄ የተጻፈው ከፍርድ ቤት በጣም ርቆ ገጠር ውስጥ ለሚያዝ ሰው ነው። የአዲስ አበባ ትራፊክ ምንም ቢከፋ ሦስት ቀን አያስኬድም። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ተረኛ ችሎት የሚባል ነገር ያለው።

የ48 ሰዓቱ ነገር አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 29 ላይ ይኸንኑ ይላል። ታዲያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ማስገባት ለምን አስፈለገ? ተራ ሕግ ቢሆን ፓርላማው አንድ ቀን ጠዋት በድምፅ ብልጫ "48ቱ 96 ይሁን" ሊለው ይችላል። ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ሲገባ ግን አንቀጽ 105 ይጠብቀዋል። እሱን ለመቀየር ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል "እምቢ" ካለ ቀረ። በዚያ ላይ የተወካዮችም የፌዴሬሽንም ምክር ቤት እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። የወንድምሽ 48 ሰዓት ይህን ያህል አጥር አለው። አጥሩን ጣቢያ በር ላይ ያለው ሰው ካላወቀው ግን ሥራው ያንቺ ነው።

እኔ ለቤተሰብ ሁልጊዜ የምለው ይሄ ነው። ጣቢያ ስትሄዱ ምግብ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ፌስታሉ ውስጥ እስክሪብቶና ደብተርም ጨምሩ። መጀመሪያ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። የመርማሪውን ስምና ማዕረግ ጠይቁ። የምርመራ መዝገብ ቁጥር ካለ እሱንም። በምን እንደተጠረጠረ ጠይቁ፣ የተነገራችሁን እንደተነገራችሁ ጻፉ። "ዝም ብሎ ነው የያዙት" ብሎ የሚመጣ ሰውና ይህችን ገጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ለጠበቃ አንድ አይደሉም። አንዴ አንዲት እናት ያመጡልኝ ወረቀት የልጅ ደብተር ቅዳጅ ነበር። ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለ። ፊቱ ላይ ሰዓቱ፣ ስሙ፣ "ነገ ኑ" የተባሉበት ቀን ሁሉ በተርታ ተጽፏል። ማመልከቻው በዚያ ወረቀት ብቻ አለቀ።

ጣቢያ ውስጥ አንቀጽ እየጠራሽ አትጩሂ። ለወንድምሽ አይበጀውም። "ጌታዬ፣ መቼ ነው ፍርድ ቤት የምታቀርቡት? የትኛው ችሎት ነው?" ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ጥያቄው በራሱ ሕጉን እንደምታውቂ ይናገራል። "ማየት አይቻልም" ካሉሽ አንቀጽ 21 አለ። የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው።

48 ሰዓቱ አልፎም ካልቀረበ ለፍርድ ቤት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ነው። ከቃለ መሐላ ጋር ነው የሚቀርበው። ሰውየው ማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተያዘና ስለዚህ ማን ሊመሰክር እንደሚችል ይገለጻል። ያቺ የደብተር ገጽ ጥቅሟ እዚህ ይመጣል። አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። "ወንድሜ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጣቢያ ተይዞ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 48 ሰዓት አልፎታል፤ ያሰረው አካል ይዞት ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይታዘዝልኝ" ማለት ይበቃል። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ያውቁታል። አንዳንዶቹ ግን "በታላቅ ትሕትና፣ እግርዎ ሥር ወድቄ" እያሉ አንድ ገጽ ይጨርሳሉ። እሱን አስቀሪያቸው።

ፍርድ ቤት ሲቀርብም ነገሩ አላለቀም። ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ አስሮ ማቆያ ጊዜ፣ ይጠይቃል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ የሚፈቅደው የመጨረሻው እሱ ነው። ሁሌም ይሰጣል ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ወንድምሽ ወይም ጠበቃው "ምን ቀራቸው? የትኛው ምስክር? የትኛው ሰነድ?" ብሎ ዳኛውን እንዲጠይቅለት ማመልከት ይችላል። ዋስትናውንም እዚያው ይጠይቃል። እኔ ያየሁት ብዙ ዳኛ ፖሊስ ተጨባጭ ነገር ማለት ሲያቅተው ቀኑን ይቆርጠዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እህቴ አዲስ አበባ በውርስ ክርክር ሰበር ድረስ ሄዳ ተሸነፈች። አሁን ጠበቃዋ "ሕገ መንግሥታዊ ትርጉም እንጠይቃለን" ይላል። እኛ እዚህ የምናውቀው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ አበቃ ነው። ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው? ብሩን የምልከው እኔ ስለሆንኩ ነው የምጠይቅዎት።

መልስ፦ ብሩን የሚልክ ሰው ቢጠይቅ ያምርበታል።

እርስዎ ያሉበት አገር ሕገ መንግሥት ሰባት አንቀጽና 27 ማሻሻያ ነው። ማን ይተረጉመዋል የሚለውን በግልጽ አልጻፈም። በ1803 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ "ሕግ ምን እንደሆነ መናገር የእኛ ሥራ ነው" ብሎ ያዘው፣ በዚያው ቀረ። ጀርመንና ደቡብ አፍሪካ ለዚህ የቆመ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አላቸው። እኛ ሁለቱንም አልመረጥንም። አንቀጽ 62 የመተርጎሙን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዳኞች የሉበትም። የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ናቸው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፣ በየአንድ ሚሊዮኑ ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል።

ምክንያቱ መግቢያው ላይ አለ። "እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች" ብሎ ነው የሚጀምረው። አርቃቂዎቹ ነገሩን በእነዚህ መካከል የተደረገ ውል አድርገው አዩት። ውሉን የፈረሙት ይተርጉሙት አሉ። እኔ በግሌ በዚህ አልስማማም። የመንግሥትን ሥልጣን የሚመለከት ክርክር ፖለቲከኞች ወዳሉበት ምክር ቤት መሄዱ ቅር ይለኛል። በሰኔ 2012 ምርጫው በኮቪድ ምክንያት ሲራዘም የመንግሥት ዕድሜ ምን ይሁን የሚለውን የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር። ግን የእኔ ቅሬታ የእህትዎን ጉዳይ አይረዳም። ሕጉ ይሄ ነው።

የሕግ ባለሙያ ጨርሶ የለበትም ማለት ደግሞ አይደለም። ከምክር ቤቱ በፊት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ። 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሰብሳቢው ነው፣ ምክትሉም አባል ነው። ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ይጨመራሉ። ጉባኤው ፋይሉን አይቶ "ይሄ ትርጉም አያስፈልገውም" ካለ ይመልሰዋል። ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ይልካል። ጉባኤው የመለሰበት ሰው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ይሄ መንገድ ለሰው ጠቅሞ ያውቃል ወይ? ያውቃል። ጉዳዩም እንደ እህትዎ ውርስ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሱ። "እኔ እዚህ መዳኘት አልፈልግም፣ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሁንልኝ" አሉ። ፍርድ ቤቱ አልሰማቸውም፣ ወሰነ። ይግባኙም ሰበሩም አልተሳካላቸውም። አጣሪ ጉባኤውም ትርጉም አያስፈልገውም አላቸው። ሴትየዋ ግን አልቆሙም፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ አሉ። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ውሳኔዎቹን በሙሉ ሻራቸው። አንቀጽ 34 ንዑስ 5 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። እሳቸው ደግሞ አልፈቀዱም። ሰበር ድረስ ያልተሰማው "አልፈቅድም" እዚያ ተሰማ።

ልብ ይበሉ፣ ምክር ቤቱ ውርሱ የማን እንደሆነ አልወሰነም። የፈታው ያንን አንድ ነጥብ ነው። ለዚህ ነው "አራተኛ ይግባኝ" አይደለም የምለው። ብር ከመላክዎ በፊት ጠበቃውን ሁለት ነገር ይጠይቁት። የተጣሰው አንቀጽ የትኛው ነው? ነጥቡስ በሥር ፍርድ ቤት ተነሥቶ ነበር? "ፍርዱ ልክ አይደለም፣ ምስክሮቻችን አልተመዘኑም" ካለዎት ይሄ የማስረጃ ምዘና ነው። ጉባኤው ይመልሰዋል። ቁጥር ጠርቶ፣ የፍርዱን ገጽ አውጥቶ ካሳየዎት ይላኩ።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና "ጃንሆይ ሕገ መንግሥት ሰጡን" ይሉ ነበር። ሕገ መንግሥት ይሰጣል እንዴ?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ነበሩ፣ ያኔ ይሰጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። 55 አንቀጽ ነበረው። ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ምሳሌ ያደረጉት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓንም ሕገ መንግሥቱን ከንጉሠ ነገሥቷ ተቀብላለችና ለእኛ ቤተ መንግሥት ተስማማ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው የሰጡት ስለሆነ ሕዝቡ ተቀባይ ነው። የንጉሡ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ ነው ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ቅድም ለተማሪው ልጅ ሕገ መንግሥት ሹሙን ያዛል ብዬ ነበር። ይሄኛው ሁሉን አዘዘ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ተወ።

በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩው ተሻሻለና 131 አንቀጽ ሆነ። የመብት ዝርዝሩ ሰፋ። ሕዝቡም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ። የሕግ መወሰኛውን ግን ንጉሡ ይሾማሉ። በ1966 ግርግር ውስጥ ሌላ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ደርግ መጣና ተዳፈነ። ከዚያ አገሪቱ 12 ዓመት ያህል ያለ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ኖረች። በ1979 ዓ.ም. 119 አንቀጽ ያለው ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ ጸደቀ። እሱ ደግሞ ኢሠፓን (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን) የአገሪቱ መሪ አደረገው። 1983 ላይ ከነባለቤቱ ሄደ። ከዚያ የሽግግሩ ቻርተር፣ ከዚያ ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ የጀመረው የአሁኑ ነው።

አባትዎ ሦስቱን አይተው ከነበረ ከእኔ የተሻለ ይነግሩን ነበር።

ጥያቄ፦ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያርሳል። የይዞታ ደብተር አለው። መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ ታዲያ የእኛ ምኑ ነው? ከተማው እየተጠጋን ነው።

መልስ፦ አንቀጽ 40ን ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ሰው ንዑስ 3 ላይ ያቆማል። እዚያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል።

ቀጥሎ ያለውን ነው የማያውቀው። ንዑስ 4 ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ንዑስ 7 ደግሞ በጉልበቱም በገንዘቡም መሬቱ ላይ የገነባው ወይም ያሻሻለው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው ይላል። አባትህ የተከለው ባሕር ዛፍ፣ ያቆመው ቤት፣ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የሠራው እርከን ማለት ነው። ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። ንዑስ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ንብረቱን ሊወስድ ይችላል ይላል፣ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ። "በቅድሚያ" የሚለውን ያዝ። ዝርዝሩን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ላይ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ከተማው ሳይደርስ ያለውን ነገር መዝግቡ። ዛፉን ቁጠሩት፣ ፎቶ አንሡት፣ ምርቱን በየዓመቱ ጻፉት። ደብተሩ ላይ የእናትህ ስም መኖሩንም አረጋግጥ። ገማቾች ሲመጡ አባትህ ማሳው ላይ ይገኝ፣ አንተም አብረኸው ሁን። የተቆጠረው ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ዛፍ ካሳ አይከፈልበትም።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ ቆመ ማለት ነው? ረዳቴ ቆመ ይላል።

መልስ፦ ረዳትህ ተሳስቷል፣ ሒሳቡን ጠብቅ።

አዋጁ ራሱ ከአንቀጽ 93 ነው የሚወጣው። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። በሁለት ሦስተኛ ካላጸደቀው ይወድቃል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ነው፣ ከዚያ በየአራት ወሩ እየታየ ይታደሳል። ብዙ መብት ሊገደብ ይችላል፣ መንገድ ላይ አይተኸዋል። ግን የማይነኩ አሉ፦ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39 ንዑስ 1 እና 2። 18 ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው ነው። አዋጅ ቢታወጅም ሰው መደብደብ አይፈቀድም ማለት ነው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት።

ጥያቄ፦ የት ይገዛል? ስልክ ላይ ያገኘሁት የተቆራረጠ ነው።

መልስ፦ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሂድ፣ ነጋሪት ጋዜጣ የሚሸጥበት አለ። አዋጅ ቁጥር 1/1987 በላቸው። በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው። የትርጉም ክርክር ከመጣ በአንቀጽ 106 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው፣ ስለዚህ ስትጠቅስ ከግራው ጥቀስ። መጻሕፍት አዟሪዎችም ትንሹን የኪስ መጠን ይዘው ይዞራሉ። ከመክፈልህ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ገልጠህ 106 ድረስ መድረሱን እይ፤ አንዳንዱ ቅጂ መሐል ላይ ገጽ ይጎድለዋል።